መልሱ አምስት አይደለም

«ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?»

መምህር ኢዮስያስ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ለክፍሉ አሳየ። ፊደሉ እንደታተመ መጽሐፍ ቀጥ ያለ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ነው። ስምንተኛ «ለ» ውስጥ እንዲህ አድርጋ የምትጽፍ አንዲት ልጅ ብቻ ናት።

«የሶፊ ነው ቲቸር!» አሉ ልጆቹ ባንድ ላይ።

«ጥሩ። ሶፊ፣ ነይ ቁጥር አራትን ሰሌዳ ላይ ሥሪልን። በገዛ እጅሽ የጻፍሽው ስለሆነ አይከብድሽም።»

ሶፊ ወጣች። መምህሩ ጥያቄውን ራሱ ጻፈላት።

5 − 2(x − 3) = 1

ኤክስ ስንት ነው? ትናንት ይህንኑ ጥያቄ ከነአሠራሩ ገልብጣዋለች። አሁን ግን ከገለበጠችው ውስጥ አንድ መስመር እንኳን አልመጣላትም። ትዝ የሚላት መጨረሻው ብቻ ነው፤ ከሥሩ በማስመሪያ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። እሱኑ ጻፈችው። x = 5።

«ልክ ነው» አለ መምህሩ። «ከየት መጣ?»

ሶፊ የጻፈችውን አምስት መልሳ አየችው።

«አምስት ከየት መጣ ነው የምልሽ።»

«ከ... ከወረቀቱ» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኋላ ያሉት ወንዶች ዴስክ መደብደብ ጀመሩ። «ከወረቀቱ!» እያሉ ሙድ ያዙባት። መምህር ኢዮስያስ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻላት ነበር። ሰውየው የዓመቱ አጋማሽ ላይ የመጣ አዲስ አስተማሪ ነው፤ ማን ጎበዝ ማን ሰነፍ እንደሆነ ገና አልነገሩትም፣ ቢነግሩትም የሚሰማ አይመስልም።

«ቡድናችሁ ቁሙ» አለ። ቆሙ። «የአሳይመንቱ ሃያ ማርክ እንዳለ ተይዟል። አርብ ሶፊን እንደገና እጠራታለሁ። ከሠራች ሁላችሁም ታገኛላችሁ። ካልሠራች ሁላችሁም ዜሮ። ከሌለች ሌላ ሰው እጠራለሁ። ተቀመጡ።»

ይሄ አንድ ለአምስት የሚሉት ነገር እንዲህ ነው። ጎበዝ የተባለ ልጅ መሪ ይሆናል፤ የቀሩት በዙሪያው ይሰበሰባሉ፤ አብረው ያጠናሉ ተብሎ ይታሰባል። የሶፊ ቡድን መሪ ዋጋነሽ ናት። ዋጋነሽ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከአንደኛ ደረጃ ወርዳ አታውቅም። የወላጆች ቀን ሲመጣ ሽልማት ስትቀበል አባቷ ከመቀመጫው ተነስቶ የሚያጨበጭብላት እሷ ናት። እና ቡድኑ ሥራውን ተከፋፍሎታል። ዋጋነሽ መልሱን ከቤት ሠርታ ታመጣለች። ሶፊ በሚያምር ጽሑፏ ትገለብጠዋለች። ኢብራር ሽፋኑን ይሠራል፣ ያስቃቸዋል። የቀሩት ስማቸውን ይጽፋሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሄድ ማንም አልጠየቃቸውም።

በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ኢብራር ነው መጀመሪያ የመጣባት።

«ከወረቀቱ? ሶፊ፣ ከወረቀቱ?! ሃያ ማርካችንን በላሽው እኮ! ቢያንስ "ከእግዚአብሔር" ብትዪ አይሻልም ነበር?»

«ዝም በል አንተ ቀሽም» አለችው።

«እኔ ቀሽም ነኝ፤ ቀሽምነቴን ግን ሰሌዳ ላይ አልጻፍኩትም።»

«ኢብራር፣ ተዋት!» ዋጋነሽ መሀላቸው ገባች። ክንዷን ሶፊ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። «አትናገሯት። የሷ ጥፋት አይደለም። ሶፊዬ፣ አይዞሽ። ሒሳብ ለሁሉም ሰው አይሆንም እኮ። አንቺ ደግሞ ጽሑፍ አለሽ። ማንም እንዳንቺ አይጽፍም።»

ዋጋነሽ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስሚኝ፣ አርብ ፎርፊ። ታማለች እለዋለሁ። ሌላ ሰው ሲጠራ እኔ እጄን አወጣለሁ። ቁጥር አራትን እንደ ውሃ ነው የማውቀው። አለቀ። አንቺም አትሳቀቂ፣ እኛም ማርካችንን እናገኝ።»

«አሪፍ!» አለ ኢብራር። «ዋጊ ጭንቅላት ናት በቃ።»

ሁሉም ተስማሙ። ሶፊን ማንም አልጠየቃትም። እሷ የቆመችው እዚያው መሀላቸው ነው፤ የዋጋነሽ ክንድ ትከሻዋ ላይ ነው። የኢብራር ስድብ ምንም አልመሰላትም። ኢብራር ሰውን ሁሉ ይሳደባል። ያቃጠላት ያ «አይዞሽ» ነው። ሰው የሞተበት ቤት ሄደው የሚሉት ዓይነት አይዞሽ ነበር።

ክንዱን ከትከሻዋ አወረደችና ሄደች።

ቤታቸው ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ነው። እናቷ ወይዘሮ አልማዜ ሹሩባ ትሠራለች፤ የፊት ለፊቱ ክፍል መስታወትና ሁለት ዱካ ተደርጎበት ሥራ ቤት ሆኗል። ሶፊ ስትገባ አንዲት የሙሽራ ሚዜ ጭንቅላቷ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ እንደ ጎፈሬ ቆሞ ተቀምጣለች። አጠገቧ ወለተጻድቅ ቆማለች። ወለተጻድቅ ሥራ ለመማር ከመጣች ገና ወር አልሞላትም።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ ምን ሆኗል?» አለች እናቷ፣ እጇን ሳታቆም።

ሶፊ ነገረቻት። ደብቄ እውላለሁ ብላ ነበር፤ አፏ እንቢ አለ። ሰሌዳውን፣ ሳቁን፣ አርብን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው።

እናቷ ከንፈሯን መጠጠች። «የኔ ልጅ! እና ለዚህ ነው እንዲህ የሆንሽው? ተይው። ከኔ ነው የወረስሽው። እኔም ሒሳብ ሲባል ዓይኔ ይጨልም ነበር። ስድስተኛ ላይ የተውኩት በሱ ምክንያት አይደል? አክስቶችሽም እንደዚሁ ናቸው። የኛ ዘር ለሒሳብ አልተፈጠረም።»

«እማ...»

«አርብ ቅሪ። እኔ ለአስተማሪው እደውላለሁ፤ ሆዷን አሟታል እላለሁ።»

«እማ፣ ተይ።»

«ምኑን ልተው? እኔ ልጄ ሰው ፊት ቆማ እንዲስቁባት አልፈልግም። እንኳን ሃያ ማርክ...» አለችና ድንገት ወደ ወለተጻድቅ ዞረች። «አንቺ! ምንድነው ይሄ? ተጣሞብሻል። ፍቺውና ድገሚው።»

«ሦስተኛ ጊዜዬ ነው እኮ፣ እትዬ አልማዜ» አለች ወለተጻድቅ።

«አሥረኛም ቢሆን ትደግሚዋለሽ። እጅ እንደዚህ ነው የሚገራው። ፍቺ።»

ሶፊ ቦርሳዋን መሬት ላይ ወረወረችው። ሚዜዋ ደንግጣ ዘለለች።

«ሰማሽ ምን እንዳልሽ?»

«ምን አልኩ?»

«ለሷ! ለሷ "ፍቺውና ድገሚ" ትያታለሽ! ሦስት ጊዜ አጣማ "አሥረኛም ቢሆን" ትያታለሽ! ለኔ ግን "ተይው"! ለኔ "ቅሪ"! ለኔ "ዘራችን"! እኔ ልጅሽ አይደለሁም? ለምንድነው እኔን "ድገሚ" የማትዪኝ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ! ሰው አለ!»

«አልቀንስም!»

«ሶፊ!»

«እኔ ሰነፍ ሆኜ አላውቅም እኮ! ማንም አሠርቶኝ አያውቅም! ሁላችሁም ታዝኑልኛላችሁ እንጂ...» እዚያ ማልቀስ አልፈለገችም። ወደ ውስጥ ገብታ መጋረጃውን ጎትታ ዘጋችው።

ከመጋረጃው ማዶ ሚዜዋ ቀስ ብላ «ልጅቱ ግን እውነቷን እኮ ነው» ስትል ተሰማ። እናቷ ደግሞ «አንቺ ጭንቅላትሽን አታንቀሳቅሺ» አለቻት በቁጣ።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት መልስ ሶፊ ወደ ዋጋነሽ ቤት ሄደች። ዋጋነሽ በሩን ከፍታ ስታያት ፈገግ አለች። «መጣሽ? ግቢ። ቲቪ እያየሁ ነው።»

«አስረጂኝ» አለች ሶፊ።

«ምኑን?»

«ቁጥር አራትን።» ደብተሯን አወጣች። «ይኸው፣ እዚህ ጋ። ቅንፉ ውስጥ ያለው ማይነስ ሦስት ነው። ስትፈቺው ግን ፕላስ ስድስት ብለሻል። እኔ ስሠራው ማይነስ ስድስት ነው የሚመጣልኝ። ለምንድነው ፕላስ የሆነው?»

ዋጋነሽ ደብተሩን አየችው። ቶሎ መለሰችላት። «ሕጉ ነዋ።»

«ሕጉ ምን ይላል?»

«ነጌቲቭ በነጌቲቭ ፖዘቲቭ።»

«እሱንማ አውቃለሁ፤ ሁሉም ሰው ይላል። ለምን?»

«ምን ለምን አለው? ሕግ ሕግ ነው! ሶፊ፣ ለምን ራስሽን ታስጨንቂያለሽ? አርብ አትመጪም ተባብለን የለ? ከፈለግሽ ደግሞ ዝም ብለሽ ሸምድጂው። መስመሮቹን እንደ መዝሙር ያዢያቸው።»

በዚህ መሀል የዋጋነሽ ታላቅ ወንድም ዳዊ ከውስጥ ወጣ። ዩኒቨርሲቲ ኢንጂነሪንግ የሚማር ነው፤ ለእረፍት መጥቷል። «ዋጊ፣ ሒሳቡን ደፈናችሁት? ሃያ ከሃያ?» አለ።

«ሂድ አቦ ዳዊ! ምን አገባህ?» ዋጋነሽ ጮኸችበት። ፊቷ ቀላ።

ሶፊ ነገሩን ልብ አላለችውም። የራሷ ንዴት ይበቃት ነበር። ደብተሯን ዘግታ ወጣች።

እቤት የሰባተኛ ክፍል የድሮ መጽሐፏን አልጋ ሥር አገኘችው። ግማሹ ገጽ ተገንጥሏል። የቀረው ውስጥ ግን ማንም ነግሯት የማያውቅ ነገር አገኘች፤ መልሱን ካገኘሽ በኋላ ኤክስ ባለበት ቦታ መልሰሽ አስገቢው፣ ሁለቱ ወገን እኩል ከመጣ ልክ ነሽ ይላል። ሞከረችው። በኤክስ ቦታ አምስት። አምስት ሲቀነስ ሦስት ሁለት። ሁለት በሁለት አራት። ከአምስት ላይ አራት ሲቀነስ አንድ።

አንድ! በቀኝ በኩል ያለውም አንድ ነው። ሶፊ ቀና አለች። ለካ መልሱ ልክ የሆነው ዋጋነሽ ስላለችው አይደለም።

ከዚያ በራሷ መንገድ ሠራችው። ማይነስ አንድ መጣ። አስገብታ አየችው፤ እኩል አይሆንም። ፍቃ ደገመችው። ያው ማይነስ አንድ። እንደገና። ማይነስ አንድ። ወረቀቱን ቀዳ ጨበጠችውና ግድግዳው ላይ ወረወረችው። እናቷ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየቻት። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችውና መጋረጃውን ለቀቀችው። «ተይው» አላለችም። እንግዲህ ለሷ ይሄም ቀላል አይደለም።

አርብ ጠዋት ግን እናቷን አላስቻላትም። ሶፊ ዩኒፎርሟን ስትለብስ ስልኳን ይዛ መጣች።

«ገባሽ?»

«አልገባኝም።»

«እና ምን ልትሠሪ ነው የምትሄጂው? ልደውል። ሆዷን አሟታል ልበል። አንዴ ብትቀሪ ምን አለበት?»

ሶፊ የጫማዋን ክር ጎትታ አሰረች። እውነቱን ለመናገር መቅረት አምሯት ነበር። ሌሊት የዘነበው ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል፤ ብርድ ነው፤ አልጋው ገና ይሞቃል። ማንም አይቆጣትም፤ እንዲያውም ያመሰግኗታል። እንዲያውም ያመሰግኗታል! ይሄን ስታስብ እንደገና ተናደደች።

«አልታመምኩም» አለች።

ክፍል ስትገባ ዋጋነሽ ዓይኗን አፈጠጠች። «ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለቻት በሹክሹክታ። «ተስማምተን አልነበር?»

«እናንተ ናችሁ የተስማማችሁት።»

«ሃያ ማርክ ነው እኮ! ሚኒስትሪ ሊደርስ ነው! በአንቺ ግትርነት ሁላችን ዜሮ እንግባ?»

«ዛሬ አለቅን» አለ ኢብራር፣ ግንባሩን ዴስኩ ላይ ጥሎ። «መቃብሬ ላይ "ከወረቀቱ" ብላችሁ ጻፉልኝ።»

መምህር ኢዮስያስ ገባ። ስም አልጠራም። ቀጥታ ሰሌዳው ላይ ጻፈ።

9 − 2(x − 3) = 1

«ሶፊ።»

ሶፊ ወጣች። ጥያቄውን አየችው። መጀመሪያ ያው ጥያቄ መሰላት። ከዚያ አየችው፤ አምስት የነበረው ዘጠኝ ሆኗል። አንዲት ቁጥር ብቻ ቀይሯል።

ቅንፉን ፈታች። ያው ልማደኛው ማይነስ ስድስት መጣባት። ዘጠኝ ሲቀነስ ስድስት ሦስት። መስመር በመስመር ወረደች፤ x = 1። ኋላ ያሉት መሳቅ ጀመሩ፤ ጎበዞቹ አንገታቸውን እየነቀነቁ ነው። ስህተት መሆኑን ከፊታቸው አወቀች። ግን ከፊታቸው ብቻ ማወቅ አልፈለገችም። አንድን በኤክስ ቦታ አስገባችው። አንድ ሲቀነስ ሦስት ማይነስ ሁለት፤ በሁለት ሲባዛ ማይነስ አራት። ዘጠኝ ላይ እሱን ሲቀንሱ አሥራ ሦስት ይሁን አምስት አላወቀችም፤ አንድ ግን አይሆንም።

«ተሳስቻለሁ» አለች ጮክ ብላ።

«አይ ጉድ! ነቃች!» አለ አንዱ ከኋላ።

ያኔ ነው የዋጋነሽን እጅ ያየችው። ዋጋነሽ መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ አምስቱንም ጣቶቿን ዘርግታለች። አምስት። በከንፈሯም ትላለች፤ አምስት፣ አምስት። ዝም ብሎ መጻፍ ነው። x = 5፣ ከሥሩ ማስመር፣ መቀመጥ።

ሶፊ አልጻፈችውም። ሰሌዳው ጥግ ላይ በትንሹ አስገብታ አየችው። አምስት ሲቀነስ ሦስት ሁለት። ሁለት በሁለት አራት። ዘጠኝ ሲቀነስ አራት አምስት።

አንድ አይደለም። አምስት አይደለም መልሱ።

ደግማ አየችው። ልክ ናት፤ አይሆንም። አምስት የባለፈው ጥያቄ መልስ ነው። ዋጋነሽ ቁጥሩ መቀየሩን እንኳን አላየችም። ሶፊ ዞር ብላ አየቻት፤ ዋጋነሽ አሁንም ጣቶቿን ዘርግታ አምስት ትላለች። እንደ ውሃ የምታውቀው ይሄንን ነው። የሸመደደችውን። ወንድሟ «ደፈናችሁት?» ያለው ትዝ አላት፤ ዋጋነሽ የጮኸችበትም ትዝ አላት፤ በቃ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ በራላት። ዋጋነሽም አታውቀውም። መልሱን የሚሠራው ዳዊ ነው። ሦስት ዓመት «ሒሳብ ለሁሉም ሰው አይሆንም» እያለች ስታዝንላት የነበረችው ልጅ ራሷ አታውቀውም!

«ከቡድኑ ማን ይርዳት?» አለ መምህር ኢዮስያስ።

ክፍሉ በሙሉ ወደ ዋጋነሽ ዞረ። ጣቶቿ ቀስ ብለው ተሰበሰቡ። አሁን ሰሌዳውን አየችው፤ ዘጠኙን አየችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

አንድ ቃል ነው የሚበቃው። «ዋጋነሽ ትርዳኝ» ማለት ብቻ። ትውጣ። እሷም እዚህ ትቁም። እሷንም «አምስት ከየት መጣ?» ይበሏት። እነዚያ የኋላዎቹ በሷም ላይ ዴስክ ይደብድቡ። ሶፊ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«ማንም አይምጣብኝ» አለች። «የተጠራሁት እኔ ነኝ።»

ወደ ሰሌዳው ዞረች። ተናዳ ስለነበር ቅንፉን መፍታት አስጠላት። በቃ አልፈታውም አለች በልቧ። ጥያቄውን እንደ ተራ ነገር አየችው። ከዘጠኝ የሆነ ነገር ተቀንሶ አንድ ቀረ። ምን ቢቀነስ ነው አንድ የሚቀረው? ስምንት። ስለዚህ ያ ሁሉ፣ ሁለቱ ከነቅንፉ፣ ስምንት ነው። ሁለት ጊዜ ምን ነው ስምንት? አራት። ስለዚህ ቅንፉ ውስጥ ያለው አራት ነው። ከምን ላይ ሦስት ቢቀነስ አራት ይቀራል?

«ሰባት!» አለች። ጩኸት ነበር። አስገባችው። ሰባት ሲቀነስ ሦስት አራት፣ ሁለት በአራት ስምንት፣ ዘጠኝ ሲቀነስ ስምንት አንድ። «ሰባት ነው! ቲቸር፣ ሰባት ነው!»

መምህር ኢዮስያስ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አየው። «ልክ ነው» አለ። «ግን ቅንፉን አልፈታሽውም። እኔ የጠየቅሁት መፍታቱን ነው። ጥያቄው ሲከብድ ይሄ መንገድ አያደርስሽም።»

«መፍታቱ አልገባኝም» አለች ሶፊ። «ማይነሱ ለምን ፕላስ እንደሚሆን አልገባኝም። ለምን እንደሆነ ንገሩኝ ብል ሁሉም ሕግ ነው ይሉኛል።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። መምህሩ ምላሽ ሊሰጥ ሲል ደወል ተደወለ። «ሰኞ ከሱ እንጀምራለን» አለ። «ለቡድናችሁ አሥር ከሃያ።»

«አሥር!» ኢብራር ከዴስኩ ላይ ግንባሩን አነሳ። «ከዜሮ አሥር ይሻላል! ሶፊ፣ ይቅር ብዬሻለሁ።» የቀሩት የቡድኑ ልጆች ግን አኩርፈው ወጡ። ዋጋነሽ ብትሠራው ሃያው ይሞላ ነበር ሲሉ ሰማቻቸው። ሶፊ ጥርሷን ነከሰች።

ፌርማታው ጋ ዋጋነሽ ሮጣ ደረሰችባት። የታክሲ ረዳቶች «አስኮ! አስኮ! ሁለት ሰው!» እያሉ ይጮኻሉ።

«ለምን አልጠራሽኝም?»

«ጠርቼሽ ምን ልትሠሪ? ጣትሽን ልትቆጥሪ?»

ዋጋነሽ ዓይኗ ውሃ ሞላ። «ገባሽ አይደል?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከስድስተኛ። አንድ ቀን አልገባኝም፤ ልጠይቅ ስል ደግሞ "ዋጋነሽም አታውቀውም እንዴ?" ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ዳዊ ሠራልኝ። በሚቀጥለውም እሱ ሠራልኝ። አባዬ ለጎረቤቱ ሁሉ "የሷ ጭንቅላት ከላይ የተሰጠ ነው" ይላል። ከላይ የተሰጠው ሰው እንዴት ብሎ ነው አልገባኝም የሚለው?»

«እና እኔን ሒሳብ ለሁሉም ሰው አይሆንም ስትዪኝስ?»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።»

«ውሸትሽን ነው!» ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች ዞረው አዩአቸው። ሶፊ ግድ አልነበራትም። «እንዳልጠይቅሽ ብለሽ ነው! እኔ ሰነፍ ከሆንኩ አልጠይቅሽም፤ ካልጠየቅሁሽ አትያዢም! ሦስት ዓመት፣ ዋጋነሽ! ሦስት ዓመት እኮ አመንኩሽ!»

ዋጋነሽ አለቀሰች። ሶፊ አላባበለቻትም። አይዞሽ ማለት አስጠልቷት ነበር።

ኢብራር ቂጣ እየበላ መጣ። «ዋጊ፣ አንቺ ግን ምን ነክቶሽ ነው ዝም ያልሽው? አንዴ ብድግ ብትዪ ሃያ ነበር እኮ። ለምን አልረዳሻትም?»

ዋጋነሽ መሬት መሬቱን አየች። ሶፊ እውነቱን ልትዘረግፈው አፏን ከፍታ ነበር።

«ማንም አይምጣ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «አልሰማህም? ጆሮህን ታጠብ።»

«እሺ እሺ፣ አትብዪኝ!» ብሎ ሄደ።

«ትናገሪብኛለሽ?» አለች ዋጋነሽ፣ አፍንጫዋን እየጠራረገች።

«አላውቅም። ዛሬ ተናድጃለሁ፣ ዛሬ አትጠይቂኝ። የሚቀጥለውን አሳይመንት ለዳዊ ብትሰጪው ባትሰጪው የራስሽ ጉዳይ ነው። እኔ ግን ከእንግዲህ ያልገባኝን አልገለብጥም።» ከዚያ ጭቃውን እየረገጠች ሄደች።

ቅዳሜ ፊት ለፊት ያለው ክፍል በሰው ሞልቷል። ሶፊ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋው ላይ ደብተሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ንዴቷ አልበረደም። ኤክሱን ተወችውና በተራ ቁጥር መሞከር ጀመረች። 10 − (5 − 2)። ቅንፉ ውስጥ ያለው ሦስት ነው፤ አሥር ሲቀነስ ሦስት ሰባት። በሷ መንገድ ደግሞ አሥር ሲቀነስ አምስት ሲቀነስ ሁለት፤ ሦስት። ለምን? የት ጠፋ የቀረው?

መውሰድ የነበረብኝ ሦስት ነው፣ አለች ለራሷ። እኔ ግን መጀመሪያ አምስት ሙሉ ወሰድኩ። ሁለት አብልጬ ወስጃለሁ ማለት ነው። አብልጬ ከወሰድኩ ደግሞ...

መመለስ አለብኝ!

አሥር ሲቀነስ አምስት፣ ሁለቱን መልሺ። ሰባት። ፕላሱ መመለስ ነው!

«ይሄ ነው?» አለች ጮክ ብላ። «ይሄ ብቻ ነው?»

«ምን ሆንሽ?» አለች እናቷ ከወዲያ።

«ምንም!» ግን ምንም አልነበረም? እንዲህ ቀላል ሆኖ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልነገራትም፤ እሷም ደፍራ አልጠየቀችም። የበለጠ ተናደደች። ሌላ ጥያቄ ጻፈች፣ ሠራችው፣ ተሳሳተች፣ ፋቀችው፣ ደገመችው።

የግቢው በር ተንኳኳ። ወለተጻድቅ ሄዳ ከፈተች፤ ከዚያ ዝቅ ያለ ንግግር ተሰማ። እናቷ መጋረጃውን ገለጠች።

«ዋጋነሽ ናት» አለች። «ዓይኗ አብጧል፤ ደብተር ይዛለች። ሶፊን ጥሪልኝ ትላለች። ተጣልታችኋል አይደል? ካልፈለግሽ ተኝታለች ልበላት?»

ሶፊ ደብተሯን አየችው። ደግማ ሠርታው አሁንም አልመጣላትም፤ የሆነ ቦታ ላይ የሆነ ነገር መመለስ ረስታለች።

«አልተኛሁም» አለች። አልጋው ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች። «ትግባ። እስክርቢቶዋን ግን የራሷን ትያዝ።»